ፍየሏን ማን አስታረቃት?

ፊልሙ አስጠላኝ። ከዚህ የምጀምረው ሰው ሁሉ «ትንሽ ቅር ያለኝ ነገር ቢኖር» እያለ ሲሽኮረመም ስለሰለቸኝ ነው። እኔ ቅር አላለኝም፤ አስጠላኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ቅዳሜና እሑድ ኳስ በሚታይበት አዳራሽ ተሰብስበን ስናየው፣ ያ ሁሉ ትልቅ ሰው፣ ያ ሁሉ የልጆች አባት አፍንጫውን በመሀረብ ይጠርጋል፤ እኔ የአግዳሚውን ጠርዝ ጨብጬ ጥርሴን ነክሻለሁ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ልጆች ሳለን በቴሌቪዥን የሚመጣ የአሻንጉሊት ፕሮግራም ነበር። ሦስት የጨርቅ እንስሳት ናቸው፤ ፍየል፣ ጥንቸልና ኤሊ። ከወገብ በታች የላቸውም፤ የሰው እጅ ከውስጥ ገብቶ ነው የሚያንቀሳቅሳቸው። ጥንቸሉ ቀጣፊ ነው፣ ኤሊዋ አስታራቂ ናት፣ ፍየሏ ቂመኛ። ጥንቸሉ ቅጠሏን ከበላባት በሚቀጥለው ሳምንት ታነሣበታለች፤ ከወር በኋላም ታነሣበታለች። «ይቅር በይው» ሲሏት ቀንዷን ነቅነቅ አድርጋ ፊቷን ታዞራለች። ሰው ሁሉ ጥንቸሉን ይወድ ነበር። እኔ የምወደው ፍየሏን ነው። ሲበድሉኝ ቶሎ የሚረሳኝ ሰው አይደለሁም፤ እንደ እኔ ያለ ፍጥረት በቴሌቪዥን ሲታይ ደስ ይለኝ ነበር።

ወንድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ጎረቤት ቤት አይተን ስንመለስ እሱ ጥንቸሉን፣ እኔ ፍየሏን እየሆንን እንጣላለን። ነገሩ ከጨዋታ ወደ ጥፍር ሲሻገር እናታችን እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች ትመጣና መሀል ትገባለች። «ኤሊዋ መጣች!» እንላለን። ቀስ ብላ ስለምትራመድ በስሙ አልተቀየመችም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ራሷ «ኤሊዋ ልትመጣ ነው» እያለች ከጓዳ ታስፈራራን ነበር።

እንግዲህ ካደግን በኋላ፣ ወንድሜ መናኸሪያው አጠገብ የፎቶ ኮፒ ሱቅ ከፍቶ፣ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርሁ በኋላ፣ የአሻንጉሊቶቹ ፊልም ሊወጣ ነው ተባለ። ወንድሜ አበደ። በስልክ ግሩፕ ፈጠረ። የባንክ ሠራተኛዋ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከደምበጫና ከቡሬ ሳይቀር ሰው ገባበት። ማስታወቂያው የወጣ ቀን ስልኬ ላይ ከልብና ከእንባ ምስል በቀር ሌላ ነገር አልደረሰም። «ልጅነቴ!» ይላል አንዱ። «ወይኔ ልጅነቴ!» ይመልሳል ሌላው። ልጅነታቸውን ማን እንደነጠቃቸው አላውቅም።

ፊልሙን ላውራው። ፍየሏ እግሯ ይሰበርና ከቤት ርቃ ወጌሻ ዘንድ ትተኛለች። እሷ በሌለችበት ኤሊዋ ትሞታለች። ጥንቸሉ «ሳትድን ብትሰማ ትጎዳለች» ብሎ ነገሩን ይደብቃታል፤ ቀብሮ ይጨርሳል። ፍየሏ ድና ስትመለስ የኤሊዋ ጎጆ ባዶ ነው። «ላንቺው ብዬ ነው» ይላታል ጥንቸሉ። አሁን ቀንዷን ትነቀንቃለች፣ አሁን ፊቷን ታዞራለች ብዬ ጠበቅሁ። ዘፈነች። ይቅርታ ጣፋጭ ነው የሚል ዘፈን ዘፍና፣ ጥንቸሉን አቅፋ፣ ቢራቢሮ በላያቸው በረረና አለቀ። አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ።

ወንድሜ ከፊልሙ በኋላ የአስተያየት ጊዜ አዘጋጅቶ ነበር። ሻይ ዞረ፤ ማይክራፎኑ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የባንኳ ልጅ «ቤስት ነው፣ በጣም ነው የነካኝ» አለች። አንዱ ባልደረባዬ «ፍየሏ ማቹርድ ሆናለች፤ አብራን አድጋለች» አለ። ሌላው ከእንባው የተነሣ መናገር አልቻለም፤ እሱንም አጨበጨቡለት። ማይኩ እኔ ጋ ሲደርስ ተነሣሁ።

«ይቺ ፍየል አይደለችም» አልሁ። «የፍየል ቆዳ የለበሰች በግ ናት። አንዲት ቅጠል ተበላብኝ ብላ ወር ሙሉ የምትወቅስ ፍየል፣ የወዳጇን ቀብር ሲነሷት በአንድ ዘፈን ትረሳለች? ይኼን የሠሩት ሰዎች ወይ ፍየል አያውቁም፣ ወይ ሰው ሞቶባቸው አያውቅም።»

«ሼም ነው» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። ወንድሜ ማይኩን ከእጄ ተቀበለ።

«እህቴ ከድሮም የፍየሏ ደጋፊ ናት» አለ። ተሳቀ። «ግን አንዳንዶቻችን ከዚህችኛዋ ፍየል ብንማር አይከፋም።»

አሁንም አጨበጨቡ። እነሱ ያጨበጨቡት ለጨዋታው ነው። ምን እንዳለኝ የገባን ሁለታችን ብቻ ነን። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜን አላናገርሁትም።

ዓምና ልወልድ ስል እዚህ ያሉት ሐኪሞች ፈርተው ወደ ባሕር ዳር ላኩኝ። በቀዶ ጥገና ተገላገልሁ፤ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ድረስም ከባሌ እህት ቤት ተኛሁ። እናቴ ልታርሰኝ ትመጣለች ብዬ ስጠብቅ ወንድሜ ደወለ። ጉልበቷን አሟታል፣ መንገዱም ሲከፈት ሲዘጋ አያስተማምንም አለኝ። አመንሁት። ለገንፎው ቅቤ ተላከ፤ «እማዬ ናት የላከችልሽ» አለኝ። ያን ቅቤ በየቀኑ በላሁ፤ በበላሁ ቁጥር መረቅኋት። ስልኳ ላይ ስደውል የሚያነሣው እሱ ነው። መጀመሪያ የደወልሁ ቀን «እማዬ ተኝታለች» አለኝ፤ ከኋላው አንዲት ድምፅ እንኳ አይሰማም ነበር። በእርግጥም ሰው የተኛበት ቤት መሰለኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ አወራሁት፣ እንዳልቀሰቅሳት።

ክርስትናው በተነሣ ማግሥት፣ ገና ሲነጋ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው አየሁ። ወንድሜ ከፊት ነው። እናቴ አፈር ከለበሰች ወር አልፏት ነበር።

አራስ መርዶ አይነገራትም። ወጉን አውቃለሁ፤ እኔም ለሌላ ሰው ቢሆን «ደግ አደረጋችሁ» እል ነበር። «ላንቺው ተብሎ ነው» ያላለኝ ሰው የለም። የሚያንገበግበኝ ግን ለቅሶዬ ነው። ፍኖተ ሰላም ስገባ ሰው ሁሉ አልቅሶ ጨርሷል፤ ድንኳኑ ፈርሷል፤ ወንዶቹ ጢማቸውን ተላጭተዋል። እኔ ብቻዬን አዲስ ሐዘንተኛ ሆኜ መሀላቸው ቆምሁ። ቀብሯ እንዴት እንደነበር ልጠይቅ አፌን ስከፍት «በቃ፣ ጡትሽ ይደርቃል» ይሉኛል። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁም። ወንድሜን አናግረው ነበር፣ እንደ ጎረቤት፤ ጤና ይስጥልኝ፣ ልጁ እንዴት ነው፣ ደህና ዋል። በዚህ ላይ እንዳለን ነው ፊልሙ የመጣው።

ከአዳራሹ በኋላ ግሩፑ ለሳምንታት እኔን ሲያኝክ ሰነበተ። የፍየሏን ፎቶ ከእኔ ፎቶ ጋር አጣብቀው ለጠፉ። አንዷ «ልባቸው የደነደነ ሰዎች አሉ፤ እግዜር ይማራቸው» ብላ ጻፈች። እኔም ዝም አላልሁም፤ ለእያንዳንዳቸው የእጃቸውን ሰጠኋቸው። ለእሷ «ለአሻንጉሊት ያለቀሰ ዓይን ለሰው ቢያለቅስ ጥሩ ነበር» አልኋት። ወንድሜ አንድም ቀን ገላጋይ ሆኖ አልገባም። እኔም ከግሩፑ ወጣሁና የእናታችን ሙት ዓመት ሲደርስ ለብቻዬ፣ በእኔ ቤት፣ እንደምደግስ አስታወቅሁ። እሱ በእናታችን ቤት የፈለገውን ያድርግ።

ይኼ ወሬ ቡሬ ደረሰ። የእናቴ አጎት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ገጠር ይኖራሉ። ሰማንያን አልፈዋል፤ የአዊ ሰው ናቸው፣ ሲናደዱ በአገውኛ ነው የሚያጉረመርሙት። እናቴን ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ እኔና ወንድሜ አባባ እንላቸዋለን። የቤተሰቡ ነገር ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል። ዱላቸውን ይዘው በአውቶቡስ መጡ፤ ከሰፈራችን ሁለት ሽማግሌዎች ጨመሩና ሁለታችንን እናታችን ቤት ጠሩን።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሏል» አሉኝ ገና ስቀመጥ። «አንዲት እናት ሁለት ተዝካር ሲወጣላት የት አይተሻል? እናትሽ ከሁለት ቤት ነው የምትለምነው? በምንድን ነው የተጣላችሁት?»

«በፍየል» አለ ወንድሜ።

«የማን ፍየል? ማሳ ገባች?»

ወንድሜ ፊቱ እየቀላ አስረዳቸው። ፊልም፣ አሻንጉሊት፣ ጥንቸል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተያዩ። እንደሚስቁ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቁም። አባባ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «የወሰን ክርክር ሲመጣብን ወሰኑን ሳናይ ፈርደን እናውቃለን?» አሉ። «አምጡት፤ እንየው።»

መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቷል። ወንድሜ ላፕቶፑን ከሱቅ አምጥቶ በርጩማ ላይ አስቀመጠው፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ሰብስበው ተጠጉ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ያን የተረገመ ፊልም ደግሜ አየሁት።

«እግሯ ተሰበረ ይላሉ» አሉ አባባ። «እግሯ የታለ?»

«እግር የላትም አባባ፤ ከወገቧ በታች የሰው እጅ ነው» አለ ወንድሜ።

«እግር ለሌላት ፍየል ወጌሻ ጠሩ?»

«ዝም ብለው ይዩ» አሏቸው አንደኛው ሽማግሌ፤ እሳቸው ገብተውበታል። ኤሊዋ ስትሞት ሦስቱም በአንድ አፍ «ነፍስ ይማር» አሉ። ጥንቸሉ ለመደበቅ ሲወስን አባባ ከወገባቸው ቀና አሉ። ዘፈኑ መጣ። ቢራቢሮዋ በረረች፤ ወንድሜ ላፕቶፑን ዘጋ።

«ይኸ እርቅ አይደለም» አሉ አባባ።

ወንድሜ ቀና አለ።

«ሽማግሌው የታለ? በደሉስ የት ተነገረ? ጥንቸሉ ‹ላንቺው ብዬ ነው› አለ እንጂ ‹በድያለሁ› መች አለ? በደሉን ሳይናገር ምኑን ነው ይቅር ያለችው?»

«ዋስም የለ፣ ካሣም የለ» አሉ ሁለተኛው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይኽች ፍየል ነገ ጠዋት ትወጋዋለች።»

«ያን ዘፈን ማን አመጣው?» አሉ ሦስተኛው፤ ከልባቸው ተቆጥተዋል።

እንዴት ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። ያ ግሩፕ በሙሉ፣ ከነልቡ ከነእንባው፣ እዚህ በርጩማ ዙሪያ ተሰብስቦ ይኼን ፍርድ ቢሰማ ብዬ ተመኘሁ። ወንድሜን በድል አየሁት። እሱ ግን እኔን አያየኝም፤ አባባን ነበር የሚያየው፤ ፊቱ ላይ ያለው ሽንፈት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው።

«እንግዲህ» አሉ አባባ፣ «እኛ የነዚያን ስሕተት አንደግምም። በደል ይነገር። የፊልሙን አይደለም። የራስሽን ተናገሪ ልጄ።»

ተናገርሁ። ቅቤውን ተናገርሁ፤ የሞተች እናት ላከችልሽ እየተባልሁ እንደበላሁ፣ በበላሁ ቁጥር ዕድሜ ይስጥሽ እያልሁ እንደመረቅኋት። «ተኝታለች» ሲለኝ ድምፄን ዝቅ እንዳደረግሁ። ሁሉም ከጨረሰ በኋላ ብቻዬን እንዳለቀስሁ። ከዚያም በሰው ፊት፣ በማይክራፎን፣ ከፍየል ተማሪ እንደተባልሁ። ስጨርስ የሰፈሩ ሽማግሌዎች መሬት መሬት ያያሉ።

«አንተስ?» አሉት አባባ ወንድሜን።

«በድያለሁ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

«ዋሽቷል» አሉ አባባ።

ሁላችንም ዞረን አየናቸው።

«እሱ አይደለም። እኔ ነኝ። አራስ ናት፣ የተቀደደ ሆዷ አልሻረም፣ አይነገራት ብዬ የቆረጥሁ እኔ ነኝ። ይኽ ልጅ ‹እህቴ ሳትቀብር ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ› ብሎ ለመነኝ፤ በእግዜር ስም ገዝቼ አፉን አስያዝሁት። ቅቤውም ከእኔ ቤት ነው የሄደ። ‹ከእናትሽ ነው በላት› ያልሁትም እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ስሜን አላነሣብኝም። ያን ጥንቸል ስዘልፍ ማንን እየዘለፍሁ እንደሆነ አጥቼው አይደለም።»

ዱላቸውን ሳያነሡ ወጡ። ግቢ ውስጥ እናቴ ጎመን የምትተክልበትን መደብ የከበቡ ድንጋዮች አሉ። አንዱን ሲፈነቅሉ ሰማን። ተመልሰው ሲገቡ ድንጋዩን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ሰብረው፣ ፊቴ ቆሙ። በእኛ አገር የበደለ ሰው እንዲህ ነው ይቅርታ የሚለምነው፤ ድንጋዩን ከትከሻው የሚያወርድለት የተበደለው ነው። ግን የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ለልጅ ልጁ ድንጋይ ሲሸከም አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

«ኧረ በሕግ!» ብለው ተነሡ የሰፈሩ ሽማግሌዎች። «አንቺ ልጅ፣ አውርጂላቸው እንጂ! ነውር ነው!»

አልተነሣሁም። የፊልሟ ፍየል ብትሆን እስካሁን ዘፍና ጨርሳለች።

«ይንገሩኝ» አልሁ።

«ምኑን ልጄ?»

«ቀብሯን። እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።»

«ተቀምጠው ይንገሩሽ፣ መጀመሪያ ድንጋዩን...» ብለው ጀመሩ አንደኛው፤ አባባ ራሳቸውን ነቅንቀው ከለከሏቸው። ቆመው፣ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ደግፈው ነገሩኝ። ጠዋት ቡና ልትጠጣ ስትነሣ እንደወደቀች። ያጠቧት ሴቶች ጸጉሯን ሹሩባ ሠርተው እንደጠቀለሏት። ዝናብ አባርቶ ጭቃው ተሸካሚዎቹን እንዳስቸገረ። የነፍስ አባቷ ድምፃቸው ተዘግቶ ፍትሐቱን ሌላ ቄስ እንደጨረሰላቸው። እያንዳንዱን ነገር እንደ ተጠማ ሰው ተቀበልኋቸው።

«ልናወርዳት ስንል» አሉ፣ ትንፋሻቸው ማጠር ጀምሯል፣ «የእሷው ስልክ ጮኸ። በወንድምሽ ኪስ። አንቺ ነሽ። ካልተነሣ ትጠረጥራለች፣ አንሣና ተኝታለች በላት አልሁት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ሄደ። ያ ሁሉ ለቀስተኛ ያለቅሳል፤ ዋይታው ከተሰማሽ አለቀ። እጄን አንሥቼ ዝም በሉ አልሁ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው አፈኑ። እናትሽ አፈር የለበሰች አንድ ሰው ሳይተነፍስ ነው። ወንድምሽ አውርቶ ሲመለስ አፈሩ ተመልሶ ነበር።»

ያን ጸጥታ እኔም ሰምቼዋለሁ።

ወንድሜ ግድግዳውን ያያል።

«አላየሃትም?» አልሁት። ከአዳራሹ ወዲህ ለእሱ የተናገርሁት የመጀመሪያ ቃል ነው። «ስትወርድ አላየሃትም?»

«አንቺ ስልክ ይዘሽ መች ቶሎ ትዘጊያለሽ?» አለኝ። «የልጁን ሆድ ቁርጠት ነበር የምትነግሪኝ።»

ተነሥቼ ድንጋዩን ከአባባ ትከሻ አወረድሁ። ከባድ ነበር፤ ወንድሜ መጥቶ በአንድ በኩል ባይዝልኝ እግሬ ላይ ይወድቅ ነበር።